የመዋኛ ገንዳችንን ብንከፍት ኮሮና ያጋባናል ወይ?

ጥያቄው የመጣው በ2013 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ ነው። ጠያቂዋ የሰፈራቸውን የመዋኛ ገንዳ የሚያስተዳድረው ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ገንዳችን ኮሮና አገራችን ከገባ ወዲህ ዝግ ነው። 25 ሜትር በ12 ሜትር ነው። ጥልቀቱ ከ1 ሜትር ይጀምርና 2 ሜትር ይደርሳል። ጣሪያ የለውም። ወጣቱ ክፈቱልን እያለ ወጥሮ ይዞናል። ከኮሚቴው ግማሹ ‹ውሃው በሽታውን ከአንዱ ወደ አንዱ ያዛምታል፣ ይቅር› ይላል። ግማሹ ደግሞ ‹ክሎሪን ቫይረሱን ይገድላል፣ በርከት አድርገን ጨምረን እንክፈት› ይላል። ማንን እንስማ? ስንት ሰው እናስገባ? ክሎሪኑንስ ምን ያህል እናድርገው?»

እህቴ፣ በቀጥታ ወደ መልሱ ልግባ። «ይቅር» የሚሉት ስለ ውሃው ተሳስተዋል። «እንክፈት» የሚሉት ስለ ውሃው ልክ ናቸው። ግን ገንዳ ውሃ ብቻ አይደለም። በር ላይ ወረፋ አለ። ልብስ መቀየሪያ አለ። ዳሩ ላይ ተደርድሮ ወሬ አለ። ከዋና በኋላ ተሰብስቦ ሳምቡሳ መብላት አለ። ኮሮና የሚጋባው እነዚህ ቦታዎች ላይ ነው። ስለዚህ ክፈቱት እላለሁ። ግን እንደ ድሮው አይሆንም፤ ነገ ጠዋትም አይሆንም። አንድ ዓመት ከሁለት ወር የተኛ ገንዳ አስቀድሞ ሥራ ይፈልጋል።

እኔ የአካባቢ ጤና ባለሙያ ነኝ። የሐረጎን ዳገት ስወጣና ስወርድ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የመጠጥ ውሃም የገንዳ ውሃም ስመረምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል። የምጽፍልዎት ከዚያ ሥራ ነው።

ከውሃው ልጀምር፤ ኮሚቴውን ለሁለት የከፈለው እሱ ነውና። የኮሮና ቫይረስ ላዩ ላይ ስስ የቅባት ልባስ አለው። ሳሙና የሚያጠፋው ይህን ልባስ ስለሚያፈርሰው ነው። ክሎሪንም ቶሎ ያጠፋዋል። በ2013 ሚያዝያ የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች ይህን በላቦራቶሪ ፈትሸው ውጤቱን አሳውቀዋል። በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነጻ ክሎሪን ያለውን፣ ፒኤቹ (የአሲድነቱ መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ ይበዛል) ከ7 እስከ 7.2 የሆነ የገንዳ ውሃ ከቫይረሱ ጋር ቀላቀሉ። በ30 ሴኮንድ ውስጥ ቫይረሱ የመበከል አቅሙ ከ1000 እጥፍ በላይ ወረደ። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከልም ኮሮና በገንዳ ውሃ አማካይነት ሰው ላይ እንደሚደርስ የሚያሳይ ማስረጃ የለም ብሏል።

እንግዲህ «ነጻ ክሎሪን» የሚለውን ቃል ያዙት። ነጻ የሚባለው ገና ሥራ ያልጀመረው፣ ጀርም ሲመጣ ለመግደል የተዘጋጀው ነው። ላብና ሽንት ሲያገኘው ግን ከእነሱ ጋር ይጣመራል፤ ያኔ ጉልበቱ ያልቃል። ብዙ ሰው «ክሎሪን ክሎሪን ይሸታል፣ ንጹህ ነው» የሚለው ገንዳ ብዙውን ጊዜ ይህ የተጣመረው የበዛበት ነው። ዓይን የሚያቀላውም እሱ ነው። ደህና የተያዘ ገንዳ ሽታው ለስለስ ያለ ነው።

ሁለተኛው ነገር ፒኤች ነው። ይህን ካልያዛችሁ የክሎሪን ዱቄት የምትገዙበት ገንዘብ ውሃ በላው ማለት ነው። ፒኤች 7.2 ላይ ከነጻው ክሎሪን ሁለት ሦስተኛው ያህል በጠንካራ ገዳይነቱ ይሠራል። 7.5 ሲሆን ወደ ግማሽ ይወርዳል። 8 ሲደርስ ሩብ ብቻ ይቀራል። ዱቄቱ ያው፣ ገንዳው ያው፣ ሥራው ግን ሩብ! የካልሲየም ሃይፖክሎራይት ዱቄት፣ ማለትም የተለመደው የክሎሪን ዱቄት፣ ደግሞ ራሱ ፒኤቹን ወደ ላይ ይገፋል። ስለዚህ «በርከት አድርገን እንጨምር» የሚሉት ወንድሞቼ ፒኤቹን ሳይለኩ ቢያበዙ የሚተርፋቸው የዓይን ማቃጠል ነው። ነጻ ክሎሪኑን ከ1.5 እስከ 3 ሚሊ ግራም በሊትር፣ ፒኤቹን ከ7.2 እስከ 7.6 አድርጉና እዚያው አቆዩት።

አሁን የእናንተን ገንዳ እናስላ። 25 በ12 ሲባዛ 300 ካሬ ሜትር ነው። አማካይ ጥልቀቱን 1.5 ሜትር ብንል 450 ኪዩቢክ ሜትር፣ ማለትም 450,000 ሊትር ውሃ ይይዛል። በሊትር 2 ሚሊ ግራም ለማድረስ 900 ግራም ንጹህ ክሎሪን ያስፈልጋል። ገበያ ላይ የሚገኘው ዱቄት 65 ከመቶ ከሆነ 1.4 ኪሎ ግድም ማለት ነው። ይህ ግን ለንጹህ ውሃ ነው። ቆሻሻው ራሱ ክሎሪን ይበላል። ስለዚህ ስሌቱ መነሻ ይሁናችሁ እንጂ መጨረሻውን የሚናገረው መለኪያው ነው።

ዱቄቱን ገንዳው ላይ አትበትኑት። ባልዲ ላይ መጀመሪያ ውሃ አድርጉ፤ ከዚያ ዱቄቱን ጨምሩ። ኖራ የመሰለው ዝቃጭ ሲወርድ ጠሩን ብቻ በዳር በዳሩ አፍሱ። ሰዓቱ ማታ ይሁን። ጣሪያ የሌለው ገንዳ ላይ የኮምቦልቻ ፀሐይ ክሎሪኑን በቀን ያጠፋዋል።

መለኪያውን በተመለከተ ያየሁትን አንድ ነገር ልንገርዎት። ከዓመታት በፊት አንድ ገንዳ እንዳይ ተጠራሁ። ሠራተኛው ትጉህ ልጅ ነበር። ፑል ቴስተሩን (የክሎሪን መለኪያውን) ከሳጥኑ አውጥቶ ውሃ ሞላበት፣ ታብሌቷን ጣለባት፣ ክዳኑን ዘግቶ ነቀነቀ። ክሎሪን ካለ ውሃው ሮዝ መሆን አለበት። እስከ ሦስት ድረስ ቆጠረ። ውሃው እንደ ምንጭ ጥርት ብሏል። «ጋሼ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሦስቴ ጨመርኩ፣ ዛሬም የለም» አለኝ። እኔ ግን ገና ወደ ገንዳው ስጠጋ ዓይኔ ማንባት ጀምሮ ነበር። የታሸገ ውሃ አስመጣሁ። አንድ እጅ የገንዳ ውሃ ከዘጠኝ እጅ የታሸገ ውሃ ጋር ቀላቅለን እንደገና ለካን። ጥቁር ሮዝ ሆነ። ክሎሪኑ ከመብዛቱ የተነሳ የታብሌቷን ቀለም ራሱ እያነጣው ነበር። ልጁ «የለም» ብሎ በጨመረ ቁጥር ይበልጥ ይጠራል፤ በጠራ ቁጥር ይበልጥ ይጨምራል። በዚያ ሰዓት ሕፃናት በር ላይ ቆመው ነበር። ስለዚህ ቴስተራችሁ ጥርት ያለ ውሃ ካሳያችሁ፣ ከመጨመራችሁ በፊት አቅጥናችሁ ድገሙት። ይህን የሚለካውን ሰው አስቀምጣችሁ በእጁ እያሠራችሁ አስተምሩት።

ፒኤች ማውረጃው አሲድ ነው። አሲድና ክሎሪን ባንድ ክፍል አይቀመጡ። ባንድ ባልዲ አይበጠበጡ፤ ባንድ ማንኪያም አይዛቁ። ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፣ ሰው ይገድላል። አሲዱን አንድ ቀን፣ ክሎሪኑን ሌላ ቀን ማድረግ ከቻላችሁ እሰየው። በበረኪናም ላይ ሌላ ማጽጃ አትቀላቅሉ።

ወደ ተኛው ገንዳ እንሂድ። ውሃው አሁን አረንጓዴ ሆኗል ብዬ እገምታለሁ። ላዩ ላይ ጎንበስ ብላችሁ ብታዩ የትንኝ እጭ ሲንቀሳቀስ ታያላችሁ። ይህ ራሱ ዛሬውኑ ሥራ መጀመር ያለበት ምክንያት ነው። ኮምቦልቻ እንደ ደሴ ብርድ አይደለችም፤ የተዘጋ ገንዳ ለሰፈሩ የወባ ትንኝ መፈልፈያ ሊሆን ይችላል። ባትከፍቱት እንኳ ውሃው እንዲህ ሊቆይ አይገባም።

ገንዳውን ሙሉ በሙሉ ልታፈሱት ካሰባችሁ ሐምሌ ሳይገባ ይሁን። ክረምት ላይ መሬቱ ውሃ ሲጠግብ ባዶ ገንዳ ከሥር ይገፋል። ውሃው ክብደት ሆኖ ነበር የያዘው። ወለሉ ሲሰነጠቅ፣ አንዳንዴም ገንዳው ራሱ ሲነሳ ይታያል። ከዘገያችሁ አታፍሱት። በብሩሽ ፈትጉት፣ ክሎሪኑን በሊትር 10 ሚሊ ግራም አድርጋችሁ (ለእናንተ 7 ኪሎ ዱቄት ግድም ነው) ፓምፑን ሌት ተቀን አዙሩት፣ የሞተውን አልጌ አውጡት።

የማጣሪያውን ክዳን ክፈቱና እጃችሁን አሸዋው ውስጥ ክተቱ። አሸዋው በጣቶቻችሁ መሐል የሚፈስ ከሆነ ደህና ነው። እንደ ጭቃ ድቡልቡል እየሆነ ከመጣ ደርቆ ተጋግሯል፤ ይቀየር። ውሃው ከሁሉም አሸዋ ጋር ሳይገናኝ በስንጥቁ ብቻ ስለሚያልፍ ያልተጣራ ውሃ ነው የሚመለስላችሁ።

ዝግጁ መሆኑን በምን እናውቃለን ካሉኝ፣ 2 ሜትሩ ጋ ዳር ላይ ቁሙና ወደ ታች እዩ። የታችኛው የውሃ መውጫ ወንፊት ቀዳዳዎቹ ጥርት ብለው ካልታዩ ማንም አይግባ። ይህ ከኮሮናም በላይ ነው። በደፈረሰ ውሃ ሥር የወደቀ ልጅ አይታይም።

ሻወሮቹም ከረሙ። ቧንቧ ውስጥ የቆመ ለብ ያለ ውሃ ሌጂዮኔላ የሚባል ባክቴሪያ ያራባል፤ ጭጋጉን የተነፈሰ ሰው ላይ ከባድ የሳንባ ምች ያመጣል። ከመክፈታችሁ በፊት ሁሉንም ሻወር ለደቂቃዎች ክፈቱና ሠራተኛው ርቆ ይጠብቅ። በተለይ ጣሪያ ላይ ታንከር ካላችሁ እሱም ይታጠብ።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። ስንት ሰው?

እንግሊዞች በ2012 ዓ.ም. ገንዳዎቻቸውን እንደገና ሲከፍቱ ለአንድ ዋናተኛ 6 ካሬ ሜትር የውሃ ስፋት ያዙ። በዚያ ሂሳብ የእናንተ 300 ካሬ ሜትር 50 ሰው ይይዛል። ኮሚቴው ይህን ቁጥር ሲሰማ ደስ ይለው ይሆናል። እኔ ግን 50 ሰው አስገቡ አልልም። ሰው ወደ ውሃው የሚደርሰው በልብስ መቀየሪያው አልፎ ነው። የዚያን ክፍል ስፋት አልጻፉልኝም። 4 በ5 ሜትር ነው እንበል። 20 ካሬ ሜትር ሆነ። ለአንድ ሰው 4 ካሬ ሜትር ብንሰጥ 5 ሰው ብቻ ይይዛል። የሴቶችና የወንዶች ሁለት ክፍል ካላችሁ ባንድ ጊዜ 10 ሰው ነው። አንድ ሰው 10 ደቂቃ ቢፈጅበት በግማሽ ሰዓት የሚያልፈው 30 ነው። የገንዳችሁ ልክ እንግዲህ 30 ነው። ውሃው ላይ ቦታ ቢተርፍም ያንን ቦታ የሚሞላ ሰው በበሩ ሲያልፍ ይጨናነቃል።

ይህ የልብስ መቀየሪያ ክፍል ብዙ ጊዜ መስኮቱ ትንሽ ነው፣ ያውም ተዘግቷል። እርጥብ ነው፣ ሞቃት ነው። ሰው እዚያ ማስኩን ያወልቃል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቀልዳል። ውጪ ነፋስ አለ፣ ክሎሪን አለ፣ ርቀት አለ። እዚህ ከሦስቱ አንዱም የለም። ገንዘብ ካላችሁ መጀመሪያ እዚህ ላይ አውሉት። መስኮቱን አስፉት። ከቻላችሁ ጣሪያው ሥር ዙሪያውን አየር ማስገቢያ ክፈቱለት። ሰው የዋና ልብሱን ከቤቱ ለብሶ፣ ከላይ ልብሱን ደርቦ ይምጣ። ልጆች ይህን ቶሎ ይለምዱታል። የመግቢያና የመውጫው በር ይለያይ። አግዳሚ ወንበሮቹን አንሷቸው፤ ወንበር ካለ ሰው ይቀመጣል፣ አንዱ ከተቀመጠ ጓደኛው ይጨመራል።

በፈረቃ አስገቡ። 45 ደቂቃ ዋና፣ 30 ደቂቃ ማናፈሻና ማጽጃ። ስም በስልክ ይመዝገብ፤ በር ላይ ወረፋ እንዳይኖር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በፈረቃ 20 ሰው ብቻ አድርጉና አካሄዱን እዩ።

እዚህ ላይ የአካባቢያችን ልማድ ያግዛችኋል። ኮምቦልቻ ላይ ከሴቶች ጋር ብቻ ካልሆነ ውሃ የማይገቡ ብዙ እናቶችና ልጃገረዶች አሉ። የራሳቸው ፈረቃ ይኑራቸው፤ ሕይወት አዳኟም ሴት ትሁን። ዓርብ የጁምዓ ሰዓት፣ እሑድ ጠዋት የቅዳሴ ሰዓት ገንዳው ዝግ ይሁን። በዚያ ሰዓት ውሃውን ለኩ፣ ማጣሪያውን እጠቡ። ምክንያቱን ሁሉም ሰው ስለሚረዳው ማንም ቅር አይለውም። አዛውንቶች የጠዋቱን የመጀመሪያ ፈረቃ ይውሰዱ። ሌሊቱን ሙሉ የተናፈሰ ክፍል የሚያገኙት እነሱ ይሁኑ።

የማስክ ጉዳይ አጭር ነው። ከበር እስከ ገንዳው ዳር ድረስ ይደረግ፤ የመንግሥት የኮሮና መመሪያ ቁጥር 30ም በ2013 በሕዝብ መሰብሰቢያ ቦታ ያስገድድ ነበር። ውሃ ውስጥ ግን ፈጽሞ አይደረግ። የረጠበ ማስክ አፍንጫና አፍ ላይ ይለጠፋል፣ ትንፋሽ ያግዳል። እያንዳንዱ ሰው ማስኩን የሚያስቀምጥበት የወረቀት ከረጢት ከነስሙ ይያዝ። የሙቀት መለኪያውን ብትጠቀሙ ክፋት የለውም፤ ግን ትኩሳት ሳይኖረው የሚያስተላልፍ ሰው ብዙ ነው፤ አትመኩበት። ሰውን በክሎሪን የሚረጭ በር እንሥራ የሚል ሰው ከመጣ አመስግናችሁ መልሱት። የዓለም ጤና ድርጅት ሰው ላይ መርጨት በምንም ሁኔታ አይመከርም ብሏል፤ ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። በር ላይ እግር መንከሪያውም ለኮሮና ምንም አያደርግም።

ሰው የሚነካቸውን ነገሮች፣ ማለትም የበር እጀታ፣ የመሰላሉን ብረት፣ የቧንቧውን መክፈቻ በየፈረቃው አጽዱ። 5 ከመቶ የሆነ በረኪና 100 ሚሊ ሊትር ለ5 ሊትር ውሃ ይበቃል። መጀመሪያ በሳሙና ታጥቦ ከዚያ ይቀባ፤ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ይቆይበት። በየቀኑ አዲስ ይበጥበጥ። የትናንቱ ጉልበት የለውም።

ስለ ሕይወት አዳኙ ጠንከር ብዬ ልናገር። የእሱ ዓይን ውሃው ላይ ነው መኖር ያለበት። «አንተ፣ ማስክህን!» እያለ የሚዞር ሰው ከተደረገ ውሃውን የሚያይ ሰው የላችሁም። ርቀት የሚያስጠብቅ ሌላ ሰው መድቡ። ወጪ ለመቀነስ ሁለቱን ሥራ ለአንድ ሰው መስጠት የሚታሰብ አይደለም። ልጆቹ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ውሃ አልነኩም። ቁመታቸው ጨምሯል፣ ድፍረታቸው ጨምሯል፣ ዋናውን ግን ረስተውታል። አምና 2 ሜትሩን አቋርጦ የነበረ ልጅ ዘንድሮም እችላለሁ ብሎ ይዘላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ልጅ ጥልቀት የሌለው ቦታ ላይ ይፈተን። 10 ሜትር ሳይቆም ካልዋኘ ወደ ጥልቁ አይሂድ።

ሰው ሰምጦ ቢወጣስ? የሰመጠን ሰው የጎዳው ኦክሲጅን ማጣት ነው። ደረቱን መጫን ብቻ አይበቃውም፣ ትንፋሽ ይፈልጋል። ኮሮና ፈርቶ አዳኙ እንዳያመነታ አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ ትንፋሽ የሚሰጥ ከረጢት) ከነማጣሪያው ገንዳው ዳር ይኑር፤ አንድ ለአዋቂ፣ አንድ ለሕፃን። ሁለት ሰው በእጁ ይለማመድበት። አንዱ ጭንብሉን ፊት ላይ አጥብቆ ይይዛል፣ ሌላው ይጨምቃል። የጤና ጣቢያችሁን ነርስ ለአንድ ከሰዓት ብትጠይቁ ታሠለጥናችኋለች።

ይህን ሁሉ ስዘረዝር «ይቅር» ያሉት የኮሚቴ አባላት «ታዲያ አለመክፈት አይቀልም ወይ?» ይሉ ይሆናል። ስጋታቸውን አከብራለሁ። ግን ገንዳው ሲዘጋ ልጆቹ መዋኘት አላቆሙም። ቦርከና ወርደዋል። ባለፈው ወር በመኪና ሳልፍ አየኋቸው። ልብሳቸውን ድንጋይ ላይ ቆልለው፣ ዘጠኝ አሥር ሆነው እየተገፋፉ ይዘላሉ። ቦርከና ከደሴ ጀምሮ የከተማ ፍሳሽ ይዞ ነው የሚወርደው፤ ኮምቦልቻ ሲደርስ ደግሞ የፋብሪካ ፍሳሽ ይጨመርበታል። እዚያ ክሎሪን የለም፣ ሕይወት አዳኝ የለም። ክረምት ሲገባ ደሴ ላይ የዘነበው ዝናብ ኮምቦልቻ ላይ ሰማዩ ጥርት እንዳለ ደራሽ ሆኖ ይመጣል። ከፍ ያሉት ወጣቶች ደግሞ ከደሴ ማዶ ሐይቅ ከተማ ድረስ ይሄዳሉ። እዚያ ያለው ሐይቅ ውብ ነው፣ ግን ጥልቅ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 236,000 ያህል ሰው በዓለም ላይ ሰምጦ ሞቷል። ከዘጠና ከመቶ በላይ የሚሆነው እንደ እኛ ባሉ አገሮች ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሚያዝያ 20 ቀን 2013 ተሰብስቦ ሐምሌ 18ን መስጠምን የመከላከል ዓለም አቀፍ ቀን እንዲሆን ወስኗል። ኮሚቴያችሁ የሚያመዛዝነው በኮሮናና በባዶ መካከል አይደለም። በሌላኛው የሚዛን ጫፍ ቦርከና አለ።

ከከፈታችሁ በኋላ መቼ እንደምትዘጉ አስቀድማችሁ ወስኑ። በሥራ ላይ እያሉ መወሰን ይከብዳል፤ የከፈለ ሰው በር ላይ ቆሟል፣ ይሉኝታ አለ። ነጻ ክሎሪን ከ1 ሚሊ ግራም በታች ሲወርድ ሰው ከውሃ ይውጣ። ሕይወት አዳኝ ከሌለ አይከፈትም። የቧንቧ ውሃ ፈረቃ ሆኖ ለሻወርና ለእጅ መታጠቢያ ከሌለ አይከፈትም። መብራት ከሄደ ፓምፑ ቆመ ማለት ነው፤ በየግማሽ ሰዓቱ ለኩ፣ ከአንድ ሰዓት ካለፈ ለዕለቱ ዝጉ። ነጎድጓድ ከተሰማ ወዲያው ውጡ። ከዋናተኞቹ አንዱ ኮሮና እንዳለበት ካወቃችሁ የፈረቃውን ዝርዝር ለጤና ጣቢያ ስጡ፤ ስም የተመዘገበው ለዚህ ነው።

ሕፃን ውሃ ውስጥ ቢጸዳዳ ሁሉንም አስወጡ። ጠጣር ከሆነ አውጡት፤ ፒኤቹ ከ7.5 ሳይበልጥ ክሎሪኑን 2 ሚሊ ግራም ላይ ለ25 ደቂቃ አቆዩና ቀጥሉ። ተቅማጥ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባል ጥገኛ ተውሳክ አለ፤ በተለመደው የክሎሪን መጠን ከሳምንት በላይ መቆየት ይችላል። ለእሱ ክሎሪኑን 20 ሚሊ ግራም አድርሳችሁ 13 ሰዓት ያህል መጠበቅ ግድ ነው። ያ ቀን የእረፍት ቀን ነው። ለዚህ ነው ተቅማጥ የያዘው ልጅ እንዳይመጣ በር ላይ በትልቁ ጻፉ የምለው። ገንዳ በአግባቡ ካልተያዘ ከኮሮና ይልቅ ቶሎ የሚያሳምመው ይህ ነው።

ገቢው እንደሚቀንስ አውቃለሁ። 20 ሰው እያስገቡ የፓምፑን መብራት፣ የዱቄቱን ዋጋ፣ የሠራተኛውን ደሞዝ መሸፈን ከባድ ነው። ዋጋ መጨመር ካለባችሁ የአዋቂውን ጨምሩ፤ የልጆቹን አትንኩ። ዋጋው ሲወደድ ቀድሞ ወደ ቦርከና የሚመለሰው የሌለው ልጅ ነው።

ክትባቱንም አትርሱት። አገራችን ውስጥ የተጀመረው መጋቢት 4 ቀን 2013 ነው፤ የመጀመሪያው ሕመምተኛ በተገኘ ልክ በዓመቱ። ያኔ የጤና ባለሙያዎችና አዛውንቶች ይቅደሙ ተብሎ ነበር። ሠራተኞቻችሁም ከመከተብ አይዘግዩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከመክፈታችሁ በፊት ባለው ቀን ኮሚቴው ሙሉ ለሙሉ ይምጣ። ሁለቱም ወገን። ልክ እንደ ዋናተኛ በር ላይ ስማችሁን አስመዝግቡ፣ ልብስ መቀየሪያው ግቡ፣ ጫማችሁን አውልቁ፣ ገንዳው ዳር ድረስ ሂዱ፣ በመውጫው ተመለሱ። አንድ ሰው ደግሞ ቆሞ የት የት እንደተጠጋጋችሁ ይጻፍ። የጫማ ማስቀመጫው ጋ ትጋጫላችሁ ብዬ እገምታለሁ፤ ሁሉም ገንዳ ላይ ሰው የሚከማቸው እዚያ ነው። እዚያ ላይ ምልክት አድርጉ፣ መደርደሪያውን ለሁለት ክፈሉት።

የልብስ መቀየሪያዎቹን ርዝመትና ስፋት፣ የመስኮቶቹን ብዛት፣ የፓምፑን ጉልበት ለክታችሁ ላኩልኝ። ቁጥሩን እንደገና አስልቼ እልክልዎታለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት የክሎሪንና የፒኤች መዝገባችሁንም ፎቶ አንስታችሁ ጨምሩበት፤ ጠዋት፣ እኩለ ቀን፣ ማታ የተለካ ይሁን።